በልክ የተሠራ የቆዳ ጫማ፦ ከ10 ወር በኋላ

ጥቁር የጥጃ ቆዳ ነው፤ ቅርጹ ኦክስፎርድ የሚባለው፣ የማሰሪያው ሁለት ክንፎች ከፊተኛው ቆዳ ሥር ገብተው የተሰፉበት። ፎርማው፣ ማለትም ጫማው ተወጥሮ የሚሠራበት የእግር ቅርጽ፣ ለአንድ ሰው እግር ብቻ ተቀርጾ፣ ሶሉ በእጅ ተሰፍቶ የወጣ ጫማ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እየተደረገ 10 ወር ሞልቶታል፤ ከ80 ቀን በላይ መሬት ረግጧል። እንዲህ ያለውን ጫማ በመጀመሪያው ሳምንት መገምገም አያስኬድም፤ ያን ጊዜ እግር ላይ የሚሰማው ልክ ገና የሚለወጥ ነውና።

የሚለወጠው ከእግር ሥር ያለው ነው። የውስጥ ሶሉ በዛፍ ልጣጭ የለፋ፣ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቆዳ ነው። በእሱና በውጭው ሶል መካከል ያለው ክፍተት በቡሽ ተሞልቷል። ሁለቱም በክብደትና በእግር ሙቀት ቀስ እያሉ ይጨመቃሉ፤ እግርም ያንኑ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። አዲስ ሳለ ማሰሪያው ጠብቆ ሲታሰር በሁለቱ ክንፎች መካከል 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ነበር። ዛሬ 4 ሚሊ ሜትር ቀርቷል። መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ክንፎቹ በመጀመሪያው ቀን ግጥም ብለው ከተዘጉ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚጠብቅበት ቦታ ያልቃል፣ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጣትም ጫፉን ይመታል። ጫማ ሲሞከር «ትንሽ ሰፋ ይበልልኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጸጸተው በዚህ ነው።

ቅሬታው ያለው ግራው ጫማ ላይ ነው። አዲስ ሶል ግትር ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተረከዝ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ሶሉ መታጠፍ ሲለምድ ይጠፋል። ቀኙ ከ10 ቀን ያህል በኋላ ተስተካከለ። ግራው አልተስተካከለም፤ የፎርማው የኋላ ክፍል ከተረከዙ ሰፍቶ ነበርና። ተረከዝ ላይ ስፖንጅ መለጠፍ መፍትሔ አይደለም፤ እግርን ወደ ፊት ገፍቶ ጣቶችን ያጨናንቃል። የረዳው ከምላሱ ሥር የተለጠፈ ቀጭን ቁራጭ ቆዳ ነው፦ የእግርን ጀርባ ተጭኖ ተረከዙን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ያም ሆኖ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። ፈውሱ ፎርማውን ራሱን መሞረድ ነው፤ ያ ደግሞ የሚጠቅመው ቀጣዩን ጥንድ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከልኬቱ ነው። ሁለቱም እግሮች ለየብቻ መለካት አለባቸው፤ አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነው። ከርዝመቱ ሌላ ጣቶች ከሚጀምሩበት ሰፊው ቦታ ዙሪያውን፣ የእግርን ጀርባ ዙሪያውን፣ ከዚያም ከተረከዝ በእግር ጀርባ ላይ የሚዞረውን ልክ በሜትር መያዝ ያስፈልጋል፤ ተቀምጠውም ቆመውም። እግር ከሰዓት በኋላ ስለሚያብጥ ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይጠባል። ወረቀት ላይ የእግር ቅርጽ ሲነሳ እርሳሱ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ቅርጹ ይሰፋል ወይም ይጠባል። በፓሪስ ነጥብ፣ ማለትም በአውሮፓ የጫማ ቁጥር መለኪያ፣ የሚቆጠረው የሱቅ ጫማ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚዘለው በ6.67 ሚሊ ሜትር ነው። የልክ ጫማ ጥቅሙ በዚያ መካከል ያለውን መያዙ ስለሆነ፣ ልኬቱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ሠሪ ጥቅሙን ግማሹን አሳጣ ማለት ነው።

ፊተኛው ቆዳ ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ወጥተዋል፣ ልክ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ። ይህ የፎርማው ርዝመት በትክክል መከፈሉን ያሳያል። የጫማው ሰፊ ቦታ ከእግሩ ሰፊ ቦታ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ እጥፋቱ ተዛብቶ ይወጣና ቆዳው ጣት ላይ እየተጫነ ይቆርጥ ነበር።

ሶሉ ቀድሞ ያለቀው ጫፉ ላይ ነው፤ ወደ 2 ሚሊ ሜትር። ግትር ሶል መሬት የሚገፋው በጫፉ ስለሆነ ነው። ስፌቱ ጋ ሳይደርስ ትንሽ ብረት ወይም ቀጭን ጎማ ማስመታት ይገባል። የታኮው ጎማ የኋላ ውጪኛ ጥግ በልቷል፤ ከሥሩ ያሉት የቆዳ ንብብሮች ሳይነኩ መቀየር ቀላል ነው፣ ከተነኩ ግን ታኮውን ከሥሩ መልሶ መሥራት ይመጣል። ሶሉ የሚቀየርበትን ጊዜ ለማወቅ መሃሉን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ለስለስ ብሎ ከገባ ጊዜው ደርሷል።

የእጅ ስፌቱ ዋጋ የሚታየው ያኔ ነው። ቶማያው፣ ማለትም የጫማው የላይኛው ቆዳ፣ ከውስጥ ሶሉና በዙሪያው ካለው ጠባብ የቆዳ ጥብጣብ ጋር ተሰፍቷል፤ የውጭ ሶሉ የተሰፋው ከጥብጣቡ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ሶሉ ሲፈታ ቶማያው አይነካም። በብዙ የማሽን ሥራ ክሩን የሚይዘው የውስጥ ሶሉ ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ የጨርቅ ጠርዝ ነው፤ ማስቲሹ ሲለቅ ስፌቱ አብሮ ይላላል። እዚህ ግን ጠርዙ ከራሱ ከቆዳው የተቀረጸ ነው።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ቢያንስ አንድ ቀን ማሳረፍ፣ እንዳወለቁ ቅርጽ የሚጠብቅ እንጨት ማስገባት፣ በየ6 ወይም 7 ቀን አጠቃቀም ክሬም መቀባት። ሰም ጫፉና ተረከዙ ላይ ብቻ ይቀባ፤ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ዝናብ ሲመታው ወረቀት ይጠቅጠቁበት፣ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ ሶሉ አየር እንዲያገኝ በጎኑ ያስተኙት። እሳትና ማሞቂያ አጠገብ ከደረቀ ቆዳው ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ ጥንድ ሲታዘዝ ይህን ጫማ ሳያጸዱ ይዞ መሄድ ይሻላል። የውስጥ ሶሉ ላይ የአምስቱ ጣቶችና የተረከዙ አሻራ ጠቁሮ ታትሟል። የቀኙ መሃል ላይ ነው። የግራው ተረከዝ ወደ ውጪ አዘንብሎ በውስጥ በኩል ያልተረገጠ ነጣ ያለ ጠርዝ ትቷል፤ ፎርማው ላይ የሚሞረደው በዚያ በኩል ነው።