የሚማታ ጎረምሳ አውራ ዶሮ እና የቤት ለቤት የዶሮ ምክር አገልግሎት

ቢሾፍቱ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞረ ዶሮ አርቢዎችን የሚያማክር አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ። በስልክ ተቀጣጥሮ ይመጣል፤ ለአንድ ጉብኝት 600 ብር ያስከፍላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሶ ያያል። እኔ የጠራሁት ለክትባት ወይም ለበሽታ ሳይሆን፣ አምስት ወር የሞላው አውራ ዶሮዬ መኖ ይዤ በገባሁ ቁጥር እየተማታ መግቢያ መውጫ ስላሳጣኝ ነው።

ዶሮዎቹን የገዛሁት «ሁሉም ሴቶች ናቸው» ከተባልኩበት አንድ ሻጭ ሲሆን፣ ከስድስቱ የ45 ቀን የሳሶ ጫጩቶች ሁለቱ ወንዶች ሆነው ተገኙ። አንደኛው እግሩን አሞት ስለነበር ለብቻው በካርቶን ውስጥ ማድ ቤት አስቀምጠን፣ ልጄ ከመዳፏ እያበላችው አሳደግነው። ኩክኒው ቀልቶ መጮህ ሲጀምር ግን ጠባዩ ተለወጠ። በመጀመሪያ አንድ ክንፉን መሬት እስኪነካ ጥሎ፣ በጎን በኩል በአጫጭር እርምጃ እየረገጠ ይዞረኝ ነበር፤ እኔም ጨዋታ መስሎኝ እስቅ ነበር። ከዚያ አንድ ማለዳ ውሃ ለመቅዳት ጎንበስ ስል ከኋላዬ ዘሎ ባቴን መታኝ። ተረከዙ ላይ ያለው ሹል ገና ጉጥ ቢሆንም የጣቱ ጥፍር ቆዳዬን ቦጭቆት ነበር። ጎረቤቶቼ ሁሉ ለበዓል እንዳርደው መከሩኝ።

ባለሙያው ሲመጣ ዶሮውን ለመያዝ እንኳ አልሞከረም። በርጩማ ጠይቆ አጥሩ አጠገብ ተቀመጠና እንደ ወትሮዬ እንድመግባቸው ነገረኝ፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ዶሮውንና እኔን በዝምታ አየን። ከዚያ በኋላ የተናገረው ስለ ዶሮው ብቻ ሳይሆን ስለ እኔም ነበር። አውራው አንገቱን ሲያሰግግ እኔ በየጊዜው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንደምል፣ ጣሳውን ወርውሬለት እንደምወጣ፣ ልጄ ደግሞ በመጥረጊያ እንደምታባርረው አስተዋለ። «እርስዎ ወደ ኋላ ሲሉ እሱ ያሸነፈ ይመስለዋል፤ በመጥረጊያ ሲመታ ደግሞ የተገጠመ ይመስለዋል» አለኝ። ለአገልግሎቱ ከከፈልኩት ገንዘብ ውስጥ ትልቁ ዋጋ ያለው ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዳብራራልኝ፣ አውራ ዶሮ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የወንድነት ሆርሞኑ ስለሚጨምር በመንጋው ውስጥ ደረጃውን ለማስከበር ይታገላል። ከሌሎች ዶሮዎች ተለይቶ በሰው እጅ ያደገ ጫጩት ደግሞ ሰውን ስለማይፈራ፣ ጎረምሳ ሲሆን ጠባቂውን እንደ ተቀናቃኝ አውራ ሊቆጥረው ይችላል። ለአራት ሴቶች ሁለት አውራ ማኖሬም ነገሩን አባብሶት ነበር፤ ለአንድ አውራ ከስምንት እስከ አሥር ሴት ቢኖር ፉክክሩም በሴቶቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ይቀንሳል። ሁለተኛውን አውራ በዚያው ሳምንት ለአክስቴ ሰጠሁ።

የሰጠኝ ምክር ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ቦት ጫማ አድርጌ እንድገባ፣ ሲመጣብኝ ሳልሮጥና ሳልመታው ቀጥ ብዬ እንድቆም፣ ዞር እስኪልም በዝግታ ወደ እሱ እንድራመድ፣ ከእጄ እንዳላበላው፣ ጀርባዬንም ሰጥቼው እንዳልጎነበስ አሳሰበኝ። ሲመሽ ቆጥ ላይ ከሰፈረ በኋላ ሁለት ክንፎቹን ከጎኑ ጋር አጥብቄ በብብቴ ይዤ፣ እስኪረጋጋ ድረስ ግቢውን እንድዞርም አሳየኝ። በመጀመሪያው ምሽት ልቡ በክንዴ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ከደቂቃዎች በኋላ ግን አንገቱን ዘና አድርጎ ዓይኑን ከደነ። ይህን ለአሥራ ሁለት ምሽት ደጋግሜዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያው ተመልሶ ሲያየን ዶሮው ለእኔ ክንፉን መጣል ትቶ ነበር፤ መኖ ይዤ ስገባ መንገድ ይለቅልኛል። በልጄ ላይ ግን አሁንም አንገቱን ያሰግጋል። አውራ ዶሮ የሕፃን ፊትና ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል ብቻዋን እንዳትገባ ባለሙያው በጥብቅ አስጠንቅቆናል። ጠባዩ በከፊል በዘር ስለሚተላለፍም፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ መማታቱን ከቀጠለ ጫጩት ለማስፈልፈል እንዳልጠቀምበት በግልጽ ነግሮኛል። ዶሮውን ማስቀረት እንደምፈልግ እያወቀ የሚያስደስተኝን ሳይሆን እውነቱን መናገሩ በባለሙያው ላይ ያለኝን እምነት አጠንክሮታል።

ቅሬታም አለኝ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ መጣ፤ ስልኩንም የሚያነሳው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ የነገረኝን ሁሉ የያዘ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ ስለማይሰጥ እኔ ራሴ በልጄ ደብተር ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ችግሩ በሽታ ከሆነ 600 ብር ምርመራውን እንጂ መድኃኒቱን እንደማይጨምር አስቀድማችሁ እወቁ። ለመጥራት ያሰባችሁ ሁሉ ግን አውራው የመጀመሪያውን ክንፍ ሲጥል ጥሩት እንጂ፣ እንደ እኔ እስኪመታችሁ አትጠብቁ።