ሳንቶሪኒ ላይ «ፍል ውሃ እናስገባችኋለን» የሚሉትን ቲኬት ሻጮች ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። አቴንስ ያላችሁ፣ ከሌላ አገርም ለእረፍት ግሪክ የምትመጡ፣ በተለይ እናት ወይም አባት ይዛችሁ ሳንቶሪኒ ደሴት ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት።

የደሴቲቱ ዋና ከተማ ፊራ ያሉትን የጀልባ ቲኬት ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። በየጥጉ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የባሕር ፎቶ ለጥፈው የሚያልፈውን ሁሉ የሚጠሩት። የሚሸጡት ያው አንድ ነው፦ እሳተ ገሞራው፣ ፍል ውሃው፣ ቲራሲያ ደሴት ላይ ምሳ፣ ኢያ መንደር ላይ የፀሐይ መጥለቂያ። እኔን ያስቆመኝ ፍል ውሃ የሚለው ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ጉልበቷን ያማታል። አገር ቤት ሲብስባት ፍልውሃ ትሄዳለች፤ ሶደሬም ወስደናት እናውቃለን። ባሕር መሃል ፍል ውሃ አለ ስላት ፊቷ በራ።

ሻጩን በግሪክኛ ነው ያነጋገርኩት። «እናቴ ትልቅ ሰው ናት፣ ዋና አትችልም፣ ጉልበቷን ያማታል» አልኩት። አጠገቤ ቆማለች፤ እያያት ነው። «ምንም ችግር የለም፤ እናትሽ ገብታ ትቀመጣለች» አለኝ። ትቀመጣለች ነው ያለኝ! ለሁለታችን 90 ዩሮ በካሽ ተቀብሎ ትንሽ ወረቀት ቆርጦ ሰጠኝ።

ጀልባው የሚነሳው ከገደሉ ሥር ካለው አሮጌ ወደብ ነው። ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ አለው፤ ወይ ደግሞ በኬብል ካር ትወርዳላችሁ። የኬብል ካሩ ሒሳብ ለብቻ ነው። ኒያ ካሜኒ የምትባለው ደሴት ላይ ወርዶ እሳተ ገሞራውን ለማየትም መግቢያ ለብቻ ይከፈላል። ይሄንንም አልነገረኝም። ኒያ ካሜኒ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ዛሬም ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። እማዬ ዳገቱን ስለማትችለው ጀልባው ላይ ቀረን። «ግዴለም፣ የኔ ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው» አለች።

ቀጥሎ ያለው ፓሊያ ካሜኒ ነው፤ ፍል ውሃው ያለበት ትንሽ ደሴት። ጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ፍል ውሃው ያለው ወደ ውስጥ ገባ ካለ ትንሽ ወሽመጥ ውስጥ ነው፤ ጀልባው ግን ከውጭ፣ ጥልቁ ላይ ነው የቆመው። ቡናማው ውሃ ከሩቅ ይታያል። እማዬ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ፎጣዋን ይዛ ተነሳች። ዳር አስጠግተው የሚያወርዷት መስሏታል። ሠራተኛው በማይክሮፎን «ዝለሉ! ሃያ ደቂቃ አላችሁ!» አለ። ወጣቶቹ እየተንደረደሩ ዘለሉ። ከዚያ በቀዝቃዛው ባሕር እየዋኙ ነው ሞቅ ወዳለው የሚደርሱት። እማዬ ዞር ብላ «መቼ ነው የሚያስጠጉት?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሠራተኛው ጋ ሄድኩ። ዋና እንደማትችል ተናግሬ ነው የገዛሁት አልኩት። «ጀልባው ከዚህ አያልፍም» አለኝ። ላይፍ ጃኬት ስጠኝና እኔ ይዣት ልግባ አልኩት። «እሱ ለአደጋ ጊዜ ነው» አለ። ከዚያ እማዬን ከእግሯ እስከ ራሷ አያትና «ዋና ካልቻለች ለምን አመጣሻት?» አለኝ። ወደ ጓደኛው ዞሮ ደግሞ፣ ግሪክኛ እንደምሰማ እያወቀ፣ «አሁን ገንዘቤን መልሱ ትላለች፣ ታያለህ» ብሎ ሳቀ። ሁለቱም ሳቁ።

እማዬ ቋንቋውን አትሰማም። ሳቁ ግን ገብቷታል። ፎጣዋን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያደረገች «ተዪው ልጄ፣ አትጣዪ፣ ሰው አገር ነው» አለችኝ። አንጀቴ ቁርጥ አለ። 90 ዩሮው የሰው ቤት አጽድቼ ያመጣሁት ነው፤ እሱም ያበሳጨኛል። እናቴን ሰው ፊት እንደዚያ ማሸማቀቃቸውን ግን መቼም አልረሳውም።

ዋኝተው የተመለሱትን ጠየቅኳቸው። ውሃው ለብ ያለ ነው እንጂ የሚያቃጥል አይደለም አሉኝ። ብረትና ድኝ ስላለበት ነው ቡናማ የሆነው፤ የአንዷ ነጭ የዋና ልብስ ዝገት መስሎ ወጣ። ቲራሲያ ላይ ምሳውም በራሳችን ሒሳብ ሆነ። ፀሐይ ስትጠልቅ ኢያ አካባቢ እንኳ አልነበርንም።

ማታ ሻጩ ጋ ተመለስኩ። ወረቀቱን ገለበጠና ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን በጣቱ አሳየኝ፤ ፍል ውሃው ዋና ለሚችሉ ብቻ ነው ይላል። «አላነበብሽም?» አለኝ። ከኋላዬ ምርኩዝ የያዙ አንዲት ትልቅ ሴት ከባለቤታቸው ጋር ቆመዋል። እኔን ትቶ ለእሳቸው «ፍል ውሃ፣ ፍል ውሃ» ማለት ጀመረ። እዚያው ፊቱ ነገርኳቸው። ትተውት ሄዱ። ሲጮህብኝ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።

ዋና የማይችል ሰው ይዛችሁ ከሆነ ፍል ውሃውን እርሱት። ጀልባ የግድ ካላችሁ በካርድ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ግሪክ ውስጥ መስጠት ግዴታቸው ነው። ለትልቅ ሰው ከዚህ ሁሉ አክሮቲሪ ይሻላል። ከ3,500 ዓመት በፊት በእሳተ ገሞራው አመድ የተቀበረ ከተማ ነው፤ ጣሪያ ስላለው ፀሐይ አይመታችሁም፣ መተላለፊያውም ለእግር ምቹ ነው። ከፊራ በአውቶቡስ ፔሪሳ ባሕር ዳርቻ ብትወርዱ ደግሞ ጥቁር አሸዋ አለ። እማዬ በማግስቱ ጉልበቷን በጋለው አሸዋ ሸፍና ዋለች፣ መግቢያ ሳንከፍል።

እኔ ነገ አቴንስ ቱሪስት ፖሊስ ጋ ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ። እንደኔ የተበላችሁ ካላችሁ የያዛችሁትን ቲኬት አትጣሉት፤ አብረን እናመልክት።