«አረፈች» ብለን ነበር፦ ስለ ሁለት ቀኑ የአደጋ ጊዜ ሥልጠና

አምና አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪያችንን በመኪና አደጋ አጣን። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በማይክ ተናገርን፤ አንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አደረግንና ልጆቹን ወደየክፍላቸው አስገባን። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መምህሯ ስም ስትጠራ የሟቿንም ጠራች፤ ማንም ከዝርዝሩ አላወጣውም ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ «አቤት» አለላት።

ዘንድሮ ትምህርት ሊከፈት ሲል ሥልጠና የወሰድነው በዚህ ምክንያት ነው። 28 ሠራተኞች፣ ሁለት ቀን፣ 70 ሺህ ብር። የምወቅሰው ነገር ስላለ የድርጅቱን ስም ትቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ገንዘቡን ያወጣል። አሠልጣኟ የተነሣችው የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ካወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማብራሪያ አላበዛችም። ወረቀት አደለችንና «የልጅቱን ሞት ለክፍል ጓደኞቿ ንገሩ» አለችን። አብዛኞቻችን «አረፈች» ብለን ጻፍን። አንብባ ስትጨርስ «እናንተ ግቢ ልጆቹ እረፍት ሲባሉ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀች። ወጥተው ይጫወታሉ፤ ሲደወል ይመለሳሉ። 14 ዓመት ሳስተምር ይህ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ እንደገና ጻፍን፦ ሞታለች፤ ሰውነቷ መሥራት አቁሟል፤ ተመልሳ አትመጣም፤ የማንኛችሁም ጥፋት አይደለም። ይህን ወረቀት የክፍል ኃላፊው በየክፍሉ በተመሳሳይ ሰዓት ያነበዋል እንጂ በማይክ አይለፈፍም። ስሟ ከስም መጥሪያው፣ የአባቷም ስልክ የክፍያ ማስታወሻ ከሚላክላቸው መካከል ያንኑ ጠዋት ይወጣል። ወንበሯ ግን ከልጆቹ ጋር ሳይመከርበት አይነሣም። ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ይምሰል እንጂ እኛም መርዶ የምናረዳው የቅርብ ሰው ሰብስበን፣ ደጋፊ አቁመን ነው። ትምህርት ቤት ስንገባ የት እንደጣልነው እንጃ።

ሁለተኛው ቀን ሌላ አሠልጣኝ መጣ። ስላይዱ በእንግሊዝኛ፣ ምሳሌው ሁሉ የአሜሪካ ተኩስ። «በሩን ከውስጥ ቆልፉ» ሲል ተያየን፤ የክፍሎቻችን በር የውስጥ መቀርቀሪያ የለውም። በ2017 ታኅሣሥ የአዋሽ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ልጆቻችን እንቅልፍ አጥተው ነበር፤ ስለዚያ ቢጠየቅም መልስ አልነበረውም።

ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ልጆቹን በክብ አስቀምጣችሁ ያዩትን አንድ በአንድ እንዲናገሩ አድርጉ አለን። ትናንት የተማርንበት መመሪያ እኮ ማንንም ናገር ብላችሁ አትጫኑ፣ እንዲህ ያለው ዲብሪፊንግ (የደረሰውን ወዲያው ማስተረክ) አይመከርም ይላል! እጄን አውጥቼ ስጠይቅ «እንደ ሁኔታው ነው» ብሎ አለፈኝ። ሁለቱ አሠልጣኞች ሳይነጋገሩ እንደመጡ ያኔ ገባኝ።

«ማገናኘት» የሚለው ክፍልም ባዶ ሠንጠረዥ ነበር። አማኑኤል ሆስፒታልን፣ የወረዳውን ጤና ጣቢያና ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትን እኛው ሞላንበት።

ሥልጠናው ላይ ጥበቃዎቹ አልተጠሩም። አምና ግን ወላጅ ሁሉ መጀመሪያ «እውነት ነው?» ብሎ የጠየቀው በር ላይ ያሉትን አባባን ነበር። ወረቀቱን ወስጄ አነበብኩላቸው። «ለወላጅስ ቢሮ ግቡ እላለሁ፤ ከጓደኞቿ አንዷ ሕፃን ራሷ መጥታ ብትጠይቀኝ ነው የቸገረኝ» አሉኝ።

እንግዲህ ልታስመጧቸው ያሰባችሁ፣ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ግዙ፤ ጥበቃና ጽዳትም ይግቡ። ቀኑ ዓርብ ከሆነ ደግሞ ስለ ምሳው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ለእኛ ያቀረቡት ጥብስ ነበር።