የአዲስ አበባ ላቫጆ፣ ጎሚስታ እና የእህቴ መኪና ቸርኬ

አዲስ አበባ ላይ መኪና ማሳጠብ ደስ ይለኛል። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚያ ባልዲ ይዘህ መንገድ ዳር መኪና ማጠብ ብትጀምር ቅጣት ሊመጣብህ ይችላል። ሳንቲም የሚጎርስ ማሽን ጋ ሄደህ፣ ሰዓቱ ሳያልቅብህ እየተጣደፍክ ራስህ ታጥባለህ። ገርጂ ግን ቁልፉን ትሰጥና ማኪያቶህን ይዘህ ትቀመጣለህ። ልጆቹ ይረባረቡበታል። ሂሳቡ ደግሞ ቦሌ ላይ ሁለት ሰው ምሳ ከሚበላበት ያነሰ ነው።

ዘንድሮ ለእረፍት ስገባ የእህቴን ቪትዝ ስነዳ ከረምኩ። የሄድኩባቸውን ቤቶች የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ በቸርኬ፣ ጎማው በሚገጠምበት ብረት። ቦዲውንማ ሁሉም ያሳምረዋል።

ቸርኬ ላይ የሚታየውን ጥቁር ዱቄት ብዙ ሰው የመንገድ አቧራ ይመስለዋል። አብዛኛው ግን ከፍሬን የሚመጣ ነው። ፍሬን በያዝክ ቁጥር ሸራውና ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ፣ ሸራው ዲስኩን እየጨመቀ ስለሚያቆመው፣ እየተፋተጉ ያልቃሉ። የሚረግፈው ብናኝ ብረት የበዛበት ነው፤ ግሎ ይወጣና ቸርኬው ላይ ይጣበቃል። እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፣ ከዚያ ቀለሙን መብላት ይጀምራል። ብርማ ቸርኬ ላይ ታጥቦም የማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ እሱ ነው። የፊት ጎማዎች ላይ ይብሳል፤ መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። የእህቴ ቪትዝ ደግሞ የኋላ ፍሬኑ የተሸፈነው ዓይነት ስለሆነ ብናኙ እንደ ፊቱ ወደ ውጭ አይረጭም። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ረግጦ የወረደ ሰው መኪናውን አቁሞ ፊትና ኋላውን ያስተያይ።

ወደ ላቫጆዎቹ ልመለስ። ሰፈር ያለው፣ እህቴ ደንበኛ የሆነችበት፣ ጉልበት ላይ ወደር የለውም። ልጁ ተንበርክኮ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የዳዶዎቹን ዙሪያ ሳይቀር ይፈትጋል። ፍራንክፈርት ይሄን ያህል የሰው እጅ ልግዛ ብል አቅሜ አይችልም። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ገና ከቁልቁለት እንደገባሁ የጋለው ጎማ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቁበት። ሽሽሽ ብሎ ጨሰ። የጋለ ዲስክ እንዲህ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል፤ ሳሙናውም ትኩስ ብረት ላይ ቶሎ ደርቆ ነጭ ምልክት ይተዋል። ቦዲውን ጀምራችሁ ቸርኬውን መጨረሻ ላይ እጠቡት ብላቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ያው ስፖንጅና ያው ባልዲ ቸርኬውን አሽቶ ተመልሶ በሩ ላይ ሊያርፍ ሆነ። ያ ብናኝ ጥቃቅን ብረት ነው፣ ቀለም ይቧጭራል። ለጎማ የተለየ ባልዲና የተለየ ጨርቅ ይኑር ስላቸው ሳቁብኝ። ግን አደረጉት።

ከጀርመን ይዤው የመጣሁት የቸርኬ ማጽጃ አለ። ብረት ሲያገኝ ቀለሙን የሚቀይር ዓይነት ነው። በቀዘቀዘና በደረቀ ቸርኬ ላይ ረጨሁት። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ በየጥጋጥጉ ወይን ጠጅ እየሆነ መንዠቅዠቅ ጀመረ። ልጆቹ ሥራቸውን ጥለው ተሰበሰቡ።

«ፋዘር፣ ይሄ ነገር ደም ነው እንዴ?»

«ብረት ነው ወንድሜ። ከፍሬኑ የወጣ።»

«ሽታውስ?»

ስለ ሽታው ምንም ማለት አይቻልም፤ የተበላሸ እንቁላል ነው። ዋናው ነገር ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ጓንት ማድረግና ፀሐይ ላይ አለመሥራት ነው። በሳሙናና በብሩሽ እሺ ያላለው ነጠብጣብ ግማሽ ያህሉ ወጣ። የቀረው ቀለሙን በልቶታል፣ እሱ አይመለስም።

ሌላ ቦታ፣ ስሙን አልጠቅስም፣ አንዱ የመጸዳጃ ቤት አሲድ ይዞ መጣ። «በአንዴ ነው የሚያበራው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ መጀመሪያ ቀን ያበራል። ከዚያ አሉሚኒየሙ ይደበዝዝና ወተት ይመስላል። አይሆንም ብዬ ቁልፌን ተቀበልኩ። እዚያው ቤት የጎማ ማብሪያውን በመርጫ ሲነፉት ግማሹ ዲስኩ ላይ እያረፈ ነበር። ጎማው ያብረቀርቃል፣ ፍሬኑ ግን ያንሸራትታል። ማብሪያ በስፖንጅ ተነክሮ ጎማው ላይ ብቻ ነው የሚቀባው። ለዚህ ቤት ነጥብ የለኝም።

ሳልጠብቀው ጥሩ አገልግሎት ያገኘሁት ጎሚስታ ቤት ነው። አዳማ ስሄድ የፍጥነት መንገዱ ላይ መቶ ስገባ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር። ባላንስ ለማሠራት ወደ መገናኛ አካባቢ ወሰድኩት። ሰውዬው ጎማውን ፈቶ ውስጡን አሳየኝ፤ ድሮ ጎማው ሚዛኑን እንዲጠብቅ የተለጠፈው የእርሳስ ክብደት ወድቆ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ምክንያቱን ሳልጠይቀው ነገረኝ፦ የፍሬን ብናኝ ሳይጠረግ ከላዩ ላይ ነው የለጠፉት። እሱ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ቦታውን ብረቱ እስኪታይ ጠረገ፣ አደረቀ፣ ከዚያ ለጠፈ። ስመለስ መሪው ጸጥ ብሏል። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ። ረዳቱ የፍሬኑን አቧራ በኮምፕሬሰር ይነፋዋል፤ ደመናው ፊቱ ላይ ነው የሚያርፈው። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ይኖር ነበር፤ ዛሬም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሸራ ሲገጠም ምን እንዳለበት ማን ያውቃል። በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርገው ለሳንባው ይሻለዋል። ለጌታው ነገርኩት፣ ራሱን ነቀነቀ።

ቦሌ ያለው ዘመናዊ እጥበት ቤት ያምራል። አረፋ፣ ሶፋ፣ ዋይፋይ አለው። ዋጋውም እንደዚያው ነው። ቀለሙን የሚጠብቀውን ሴራሚክ የሚባል ሽፋን እንቀባለን ስላሉኝ ቸርኬውንም ይጨምራል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «የፊት ለፊቱን» አሉ። ብናኙ በብዛት የሚከማቸው ግን ከውስጥ በኩል ነው። ጎማው ተፈቶ ውስጡም ካልተቀባ ገንዘቡ አያዋጣም። እኔ ተራ የመኪና ሰም ገዝቼ በንጹህ ቸርኬ ላይ ቀባሁት፤ ጥቂት ሳምንታት ይይዛል። ከዚያ በኋላ አዲስ የሚያርፈው ብናኝ በሻምፑና በውሃ ብቻ ይለቃል። እህቴ በየሳምንቱ ካሳጠበችው ሌላ ነገር አያስፈልጋትም። ሸራ ስትቀይር ሴራሚክ የሚባለውን ብትገዛ ደግሞ ብናኙ ራሱ ይቀንስላታል።

የአጎቴ ልጅ በዚህ ሁሉ ይስቃል። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ገዝቷል። እግሩን ከፍጥነት መርገጫው ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ የመኪናውን ፍጥነት እየቀነሰ ባትሪ ይሞላል፤ ፍሬኑን ብዙም አይነካውም። ቸርኬው በእርግጥ ንጹህ ነው። ዲስኩ ግን በክረምቱ ዝናብ ዝጎ ብርቱካናማ ሆኗል። አልፎ አልፎ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን ጫን አድርገህ ያዘው አልኩት።