ከባትሪው በፊት መግዛት የነበረብኝ ክላምፕ ሜትር

ሥራዬን የምሠራው ከቤት ስለሆነ መኪናዬ አራት አምስት ቀን ሳትንቀሳቀስ የምትቆምበት ጊዜ ይበዛል። ከዚያ ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ጠቅ ጠቅ ይልና ዝም። አንዴ ከጎረቤት መኪና በኬብል ቀጠልን፣ አንዴ በግፊ አስነሳናት። በሦስተኛው «ባትሪው አርጅቷል» ተባልኩና አዲስ ገዛሁ። አዲሱም በሳምንቱ ሞተ። ያኔ ነው መኪናዋ ቆማ ሳለ አንድ ነገር ቀስ እያለ እየጠጣው እንደሆነ የገባኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቤት ባለው ተራ ቴስተር ነበር። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትቼ ቴስተሩን መሃል አስገባሁት። ጥሩ እየሄደ ሳለ መስኮት ልዝጋ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። የቴስተሩ 10 አምፒር ፊውዝ እዚያው ተቃጠለ። ይኸው ነው ወደ ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ገመዱን ሳይፈቱ በመንጋጋው ከቦ የሚያልፍበትን ከረንት ወደሚለካው መሣሪያ፣ የወሰደኝ፤ የገዛሁት ዩኒ-ቲ ዩቲ210ኢ የሚባለውን ነው።

ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ክላምፕ ሜትር ሁሉ ለመኪና አይሆንም። ብዙዎቹ ርካሾቹ በመንጋጋቸው የሚለኩት የቤት መብራት ዓይነቱን ኤሲ ብቻ ነው። ለመኪና የባትሪ ዓይነቱን ዲሲ ከረንት የሚለካ ያስፈልጋል። ይሄኛው ዲሲም ይለካል፣ ባለ 2 አምፒር ሬንጅ ላይ ሲደረግ ደግሞ እስከ 1 ሚሊአምፒር ወርዶ ያሳያል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ኮፈን ሥር ጠባብ ቦታ ይገባል። ምንም ገመድ ሳይፈታ፣ ሰዓቱም የራዲዮው ኮድም ሳይጠፋ፣ ኔጌቲቩን ገመድ በመንጋጋው ጎረስ አድርጎ ማንበብ ነው። ኔጌቲቩ ላይ ቀጭን ገመድም ካለ አብሮ ይግባ፤ ፖዘቲቩን ግን አብራችሁ ካስገባችሁ የሄደውና የተመለሰው ይጣፋና ዜሮ ታነባላችሁ። እኔ አድርጌዋለሁ፤ ለአምስት ደቂቃም መኪናዬ ጤነኛ ነች ብዬ ተደስቻለሁ።

የመጀመሪያው ትክክለኛ ንባቤ 1.8 አምፒር ነበር፤ ደነገጥኩ። ለካ መኪናዋ ገና አልተኛችም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች እስኪተኙ እንደ መኪናው ከአሥር ደቂቃ እስከ አርባ ምናምን ደቂቃ ይወስዳል፤ ቁልፉም ያለ መንካት የሚሠራ ከሆነ ራቅ ተደርጎ መቀመጥ አለበት። ኮፈኑን ከፍቼ፣ የኮፈኑን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፍቼ የተዘጋ አስመስዬ ጠበቅሁ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች «አሁንም አልተኛችም?» ትለኛለች፣ ሕፃን የማስተኛ ይመስል። መሣሪያው ራሱ ባትሪውን ለመቆጠብ በመሃል ይጠፋል፤ እንደገና አብርቶ ዜሮ ማድረግ ትንሽ ያሰለቻል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ 0.42 አምፒር ላይ ረጋ። ጤነኛ መኪና ስትተኛ ብዙውን ጊዜ ከ50 ሚሊአምፒር (0.05 አምፒር) አትበልጥም። 0.42 ደግሞ 60 አምፒር-ሰዓት ባትሪን በወረቀት ሒሳብ በስድስት ቀን ባዶ ያደርገዋል፤ ሞተሪኖ ለማዞር አቅም የሚያጣው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የእኔ አምስተኛ ቀን ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። የውስጥ መብራት፣ ራዲዮ፣ የበር መቆለፊያ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ግማሽ ቀን በዚህ አለቀ። ከዚያ ነው መሣሪያው ዋጋውን ያወጣው፦ ከፖዘቲቩ የሚወጡትን ወፍራም ገመዶች በየተራ ለየብቻ ያዝኳቸው። ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ዜሮ። ወደ ፊውዝ ቦክሱ የሚሄደው 0.03። ባትሪውን ወደሚሞላው ዲናሞ የሚሄደው 0.39!

ዲናሞውን አንድ ኤሌክትሪሺያን ቀደም ብሎ አይቶት ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ለካና «14.2 ቮልት ይሰጣል፣ ዲናሞዎ ምንም አልሆነም» አለኝ። አልዋሸም፤ ቻርጁ ደህና ነው። ግን ዲናሞ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ከረንቱን ወደ ባትሪው ብቻ ማሳለፍ ሲገባቸው ካፈሱ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ወደ ኋላ ይመልሱታል። ይሄ ሞተር አስነስቶ የቻርጁን ቮልት ብቻ በመለካት አይታይም። የዳዮዱ ፕሌት ተቀየረ፣ ንባቡ 0.03 ሆነ፣ ባለፈው ዘጠኝ ቀን ቆማ በመጀመሪያው ተነሳች።

የመሣሪያው እንከንስ? ትንንሽ ቁጥር ላይ ይንቀጠቀጣል። የሚያነበው ማግኔታዊ መስክ ስለሆነ መንጋጋውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስታዞሩት እንኳ ሚሊአምፒሮች ይዘላሉ። ልክ በምትለኩበት ቦታና አቅጣጫ አድርጋችሁ፣ ገመዱን ሳትይዙ ዜሮ በሉት። በ20 እና በ30 ሚሊአምፒር መካከል ያለውን ልዩነት አትመኑት፤ 400 ግን አይደበቅም። ጣሪያው 100 አምፒር ነው፤ ሞተሪኖ ሲነሳ የሚስበውን ልለካበት ለሚል አይሆንም።

ባትሪያችሁን ብቻ የምትጠረጥሩ ከሆነ ይሄንንም አትግዙ። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ኔጌቲቩን ፈትታችሁ አሳድሩትና ጠዋት በተራ ቴስተር ለኩት። 12.6 ቮልት አካባቢ ካደረ ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላል፤ ገመዱ ተፈትቶም ከወረደ ራሱ ባትሪው ነው።

ይህን ሙከራ ዘግይቼ በአሮጌው ባትሪዬ ላይ አደረግኩት። ያን ያህል ጊዜ ባዶ ሆኖም ጠዋት 12.5 ላይ አገኘሁት።