ባሕር ዳር ሄልሜት ልትገዙ ያሰባችሁ ሞተረኞች፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ

ትናንት ማታ ነው ከባሕር ዳር የገባሁት። ጆሮዬ አሁንም ጭው ይላል።

ሄልሜት፣ ጓንትና የሞተር ጎማ አንድ ላይ የሚደረድሩትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። በሩ ላይ ቆሞ «ይግቡ ጋሼ፣ ኦርጅናል አለ» የሚለውን ልጅም ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀዋለሁ፤ እያወቅሁ ገባሁለት።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ ጅጋ፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ ስል ነው የምውለው። የድሮው ሄልሜቴ ጅጋ መውጫ ላይ ኮረት አንሸራቶኝ ስወድቅ ጭንቅላቴን አትርፎልኛል። አንዴ የተመታ ሄልሜት ውስጡ ያለው ፎም ስለሚጨፈለቅ ዳግመኛ አያድንም፤ ልቀይር የሄድኩትም ለዚሁ ነው። ይህንኑ ለሻጩ ነገርኩት። በቀኝ በኩል ያለውን ጭረት በጣቱ ዳሰሰና «እግዜር ነው ያተረፈዎት ጋሼ» አለኝ።

ከዚያ አዲሱን አጠለቀልኝ። «ይኼ ድምፅ የሚባል አያስገባም» ብሎ መስታወቱን ዘጋና ጆሮዬ ሥር ጣቱን አስጮኸ። እውነትም አልሰማሁትም። ሱቅ ውስጥ ምን ነፋስ አለ? ፎጣ ብጠመጥምም ያው ነበር! ጆሮዬ ውስጥ የማደርጋቸውን ሁለት ስፖንጆች መዳፌ ላይ ሲያይ «በዚህ ሄልሜት እኮ ይኼ አያስፈልግዎትም» አለና ወስዶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣላቸው። ዝም አልኩት። ለምን ዝም እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም። ዋጋው 6,500 ብር፣ የድሮውን በ500 ብር ያዘልኝና 6,000 ቆጠርኩ። ደረሰኝ ስለው «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

መራዊን አልፌ ሜዳው ላይ 80 ስገባ ፉጨቱ ጀመረ። ነፋሱ ከአገጬ ሥር እየገባ ጆሮዬን እንደ ወስፌ ይወጋዋል። ዱርቤቴ ስደርስ ራሴን ያመኝ ጀመር። ኮሶበር ሻይ ልጠጣ ቆሜ አስተናጋጇ የምትለኝን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ቤት ስገባ ልጄ «አባዬ፣ ለምንድን ነው የምትጮኸው?» አለችኝ።

በጣም የሚያናድደኝ ነገሩን ማወቄ ነው። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የነፋሱ ድምፅ ከሞተሩ ይበልጣል፤ 100 ላይ ደህና በሚባል ሄልሜት ውስጥ እንኳ 95 ዴሲቤልን (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ያልፋል። ለሠራተኛ ጆሮ 85 ዴሲቤል ቢበዛ ለስምንት ሰዓት ነው የሚፈቀደው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል ማለት ነው። እኔ ከሦስት ሰዓት በላይ ነዳሁ። የውስጠኛው ጆሮ ፀጉር መሰል ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ በአንድ ጣት ጩኸት ተታለልኩ።

ማታውኑ የሄልሜቱን የውስጥ ጨርቅ ገልጬ አየሁት። ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ እንደሚመጣው ያለ ጠንካራ ፎም መኖር ነበረበት። የለም። ስስ ቢጫ ስፖንጅ በሙጫ ተለጥፏል፣ አለቀ።

ትናንት ይዤው ባሕር ዳር ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ባንኮኒው ጋ ቆሜ ሳስረዳ ከኋላ አንድ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ ያለ ሄልሜት በብሩሽ ጥቁር ይቀባል። ቀባ፣ እፍ እፍ አለበት፣ ከጎኑ ካለው ጥቅል አንድ ስቲከር ላጥ አድርጎ ኋላው ላይ ለጠፈ። በክብ ውስጥ «ኢ» (E) የምትለዋ የደህንነት ማረጋገጫ ምልክት ናት፤ ሻጩ «ኦርጅናል ለመሆኑ ማስረጃው ይኼ ነው» ብሎ የሸጠልኝ እሷኑ እያሳየ ነው። ልጁ ሄልሜቱን ገልበጥ ሲያደርገው ማሰሪያው ተንጠለጠለ። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ክር። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

«ይኼ የኔ አይደለም እንዴ? ወድቄበታለሁ ብዬህ የለ?» አልኩት ሻጩን። ልጁ ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ እሱን አየ። ጋሼም እርስዎም ቀርቷል። «ሰውዬ፣ ሸጠኸው የለ እንዴ? ምን አገባህ?» አለኝ። ስለ አዲሱ ስጠይቀው «ሂድና ጆሮህን ታከም» ብሎ ግድግዳውን አሳየኝ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ሒሳብ የምትይዘው ልጅ ከስልኳ ቀና እንኳ አላለችም።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ደረሰኝ የለኝም። ቢሆንም ሰኞ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ።

ለምትገዙ፦ ትክክለኛው የ«ኢ» ምልክት የአገጭ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ጨርቅ ነው የሚመጣው፤ ኋላ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ብቻ ካያችሁ ተዉት። ምልክቱም ቢሆን ለምት ጥንካሬ እንጂ ለነፋስ ድምፅ አይመሰክርም። የትኛውንም ሄልሜት ብታደርጉ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ አትተዉ፤ የመኪና ጥሩምባ በሱም ይሰማል። ያለ ደረሰኝ ብር አትቁጠሩ።

ያ ሄልሜት ደግሞ ይኸው፦ ጥቁር ነው፣ ከቀኝ ጆሮ በላይ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ የማሰሪያው ጫፍ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ካያችሁት አትግዙት፤ ለወንድማችሁም ንገሩት። እኔ ወድቄበታለሁ።