ዝናብ፣ ውሃ ዳርና ዝግ ያለ ኑሮ፦ ደሴ ወይስ ሐይቅ?

ውሃ ዳር ተቀምጦ ዝናብ ማየት የሚወድ ሰው ወሎ ውስጥ ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ መመልከት አለበት። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ለረጅም ዘመን አካባቢውን ከባሕር ያገናኘ ነበር። ያ የቀይ ባሕር ዳርቻ ግን ዝናብ ለስም ያህል ብቻ የሚነካው የሐሩር ምድር ነው፤ ባሕሩ አለ፣ ዝናቡ የለም። ዝናቡና ውሃው አንድ ላይ የሚገኙት ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ነው። ዝናቡ ብቻ ለሚበቃው ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ደሴ አለች።

ከአዲስ አበባ ግርግር ለመውጣት፣ ከውጭ አገር ተመልሶ ለማረፍ ወይም የጡረታ ዘመኑን በሰላም ለማሳለፍ ቤት ገዝቶ ወደ ወሎ መዛወር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመነታው በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ልጆች የሚያስተምር፣ በየዕለቱ ለሥራ የሚወጣ ወይም ሐኪም የማይለየው አረጋዊ ወላጅ ያለው ሰው ደሴ ይግዛ። ገቢው ከቦታ ጋር ያልታሰረና ዝግ ያለ ኑሮን ከልቡ የሚሻ ሰው ግን ሐይቅን ይምረጥ፤ ይህን ስል ለሐይቅ ያለኝን ፍቅር አልደብቅም። የብዙ ገዢዎች ችግር ዝናብንና ዕረፍትን አንድ ነገር አድርገው ማሰባቸው ነው። ደሴ ዝናብ አላት፣ ዕረፍት ግን አትሰጥም፤ የሩጫ ከተማ ናት።

ዝናቡ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ባለ ጠባብ ስፍራ ተዘርግታለች። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ይሸፍናል፤ እኩለ ቀን ላይ የመኪና መብራት የሚበራበት ጊዜ አለ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ሌሊቱን ሁሉ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያድራል። ይህን ድምፅ የሚወድ ሰው በደሴ ክረምት አይሰለችም። ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ግን የግድ ነው፤ ቤት ውስጥም ቅዝቃዜው ይሰማል።

ሐይቅ ከደሴ ወደ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል የምታገኘው ዝናብ ብዙ ሳያንስ ብርዱ ይቀንስላታል። ክረምቱ ያርሳል፣ አያንቀጠቅጥም። ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ይነሣል፣ ኮረብታዎቹም አንድ በአንድ ይገለጣሉ። ለእኔ በዚህ በኩል ሐይቅ ያለጥርጥር ትበልጣለች።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። በሁለቱም ከተሞች ዓመቱን ሙሉ አይዘንብም። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፦ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የበልጉ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ደግሞ የክረምቱ። በልጉ የማይታመን ነው፤ አንዳንድ ዓመት ደህና ይጥላል፣ አንዳንድ ዓመት ደመናውን አሳይቶ ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱም በተለይ በደሴ የሚያቆራምድ ነው። በነሐሴ አረንጓዴውን አይቶ የገዛ ሰው በታኅሣሥ ቢጫውን ሣር ሲያይ እንዳይደነግጥ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ውሃው ዳር

ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ከበላዩ ካለው ከአርድቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ በኩል ውሃ ይወርድለታል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህ ለቤት ገዢ ከባድ ትርጉም ያለው ጉዳይ ነው። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ በዳርቻው የሚሠራ እያንዳንዱ ቤት መጸዳጃውና ፍሳሹ መጨረሻው ሐይቁ ነው። የውሃው ጠርዝም እንደየዓመቱ ዝናብ ይገፋል፣ ይሸሻል። ስለዚህ «ሐይቁን የሚነካ ቦታ አለኝ» የሚል ደላላ ቢመጣ እኔ አልሰማውም። ቦታው ወይ የገበሬ ይዞታ ነው፣ ወይ ነገ ለሐይቁ ጥበቃ ተብሎ ሊከለል የሚችል ነው፣ ወይ ክፉ ዓመት ሲመጣ ውሃ የሚገባበት ነው። ይህን ውሃ የሚወድ ሰው ከዳርቻው ራቅ ብሎ ይኑር።

ደግነቱ ከተማዋ ራሷ ጠርዙ ላይ አይደለችም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚሄደው ዋና አስፋልት ግራና ቀኝ ተዘርግታለች፣ ሐይቁ ደግሞ ጥቂት ራቅ ብሎ ይገኛል። ከአብዛኞቹ ቤቶች ውሃው አይታይም። የሚታየው ከፍ ካሉት ሰፈሮች ነው፤ እዚያ ያለ ቤት ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ተገቢ ነው እላለሁ። ከቤት ወጥቶ በእግር ወደ ውሃው ወርዶ፣ ሐይቁ ዳር ትኩስ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይመጣ መመለስ ለዚህች ከተማ ነዋሪ ተራ ነገር ነው። ቆሮሶው ራሱ ከ40 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በሰው እጅ የተለቀቀ ነው፤ ዛሬ የብዙ ዓሣ አስጋሪ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። ልጆች ያሉት ሰው ግን ውሃው ከዳር ትንሽ ገባ ሲባል የሚጠልቅ መሆኑን ያስብ።

ወደ ውሃው ገባ ባለው ምድር ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታሪክ ትልቅ ስፍራ ያለው ገዳም ነው። ሴቶች አይገቡበትም፤ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይንገር።

ደሴ ውሃ ዳር የላትም። ቦርከና በመካከሏ ያልፋል፤ ይሁን እንጂ በበጋ ቀጭን፣ በክረምት ደፍራሽ የሆነ የከተማ ወንዝ ነው፤ ለውበቱ ብሎ በአጠገቡ ቤት የሚገዛ ሰው አላውቅም። የደሴ ሰው ውሃ ሲያምረው ቅዳሜ ሚኒባስ ይሳፈርና ሐይቅ ይሄዳል። በተለመደ ቀን መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ኑሮው

እዚህ ላይ ሚዛኑ ወደ ደሴ ያዘነብላል። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ወይዘሮ ስሂንና መምህር አካለ ወልድ ያሉ አንጋፋ ትምህርት ቤቶች፣ ባንኮችና ትልልቅ ሱቆች ያሉት በደሴ ነው። በሰኞ ገበያ ወይም በአራዳ አካባቢ የማይገኝ ዕቃ ጥቂት ነው። ሐይቅ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤቶችና ባንኮች አሏት፤ ከበድ ያለ ሕክምና፣ የተለየ መድኃኒት ወይም የኮምፒውተር ዕቃ ሲያስፈልግ ግን ወደ ደሴ መውጣት ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ጡረተኛ ይህን አቅልሎ አይመልከተው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እነዚህን ከተሞች ሲያዳርስ የደሴው ሆስፒታልም ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፈው ነበር፤ ከዚያም ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። መንገድ ሲዘጋ 30 ኪሎ ሜትር ሩቅ አገር ይሆናል።

የሐይቅ ጥቅም ሌላ ነው። ገበያው ቅርብ ነው፣ አትክልቱ ከማሳ ይመጣል፣ ሰው ይተዋወቃል። ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ጋብ ትላለች፤ አካባቢው ጫት አብቃይ ስለሆነ በርካታ ሰው በዚያ ሰዓት ከቤት አይወጣም። ይህን ጸጥታ የሚወድ አለ፣ ሥራ የሚያዘገይበትም አለ። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ነው፤ በመካከል ተነሥቶ መሄድ አያስመሰግንም። ጎረቤት ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነው። የወሎ ዕድር ቅሬ ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተመዝግቦ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስታምማል፣ ሲጣላም ይታረቅበታል። አዲስ ገቢ ሰው በወሩ ቢመዘገብ መልካም ነው። «ለብቻዬ ልረፍ» ብሎ የመጣና ለቅሶ የማይደርስ ሰው በሐይቅ ይከብደዋል፤ ደሴ ላይ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ቶሎ አይታወቅበትም ይሆናል። ለእኔ ግን ወደ ወሎ ለመምጣት ከሚያበቁ ምክንያቶች የመጀመሪያው ይኸው አብሮነት ነው፤ ሐይቅ ላይ ደግሞ ከደሴ ይልቅ በቅርብ ይገኛል።

ኮምቦልቻስ?

ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ታገኟታላችሁ። ሞቃት ናት፣ ሜዳማ ናት፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ፋብሪካዎቹና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ናቸው። ለሥራና አከራይቶ ለመኖር ጥሩ ከተማ ናት። ዝናብና ጸጥታ ፍለጋ የተነሣ ሰው ግን እዚያ የሚያገኘው የጭነት መኪና ድምፅና ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ቤቱን ስታዩ

ደሴ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የቤቱ ውበት ሳይሆን የቆመበት መሬት ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ስለሆነች በክረምት አፈር የሚንሸራተትባቸው ሰፈሮች አሏት። ግድግዳው ላይ ከማዕዘን ወደ ላይ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ የማይገጥም በር፣ ወደ ታች ያጋደለ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ካያችሁ ቀለሙ አዲስ ቢሆንም ተዉት። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀበል ቦይ መኖሩን፣ የድጋፍ ግንቡ ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እንዳለው ተመልከቱ። ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው ውሃ ያጠራቅምና አንድ ቀን ይገፋል። መኪና የማይደርስበት ገደላማ ቤት ርካሽ ነው፤ ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ግን የውሃ ቦቴም አይደርስላችሁም፣ የታመመ ሰውም በሸክም ነው የሚወርደው።

ሐይቅ ላይ ችግሩ እርጥበትና ትንኝ ነው። ከክረምት በኋላ ወባ ሊኖር ስለሚችል መስኮቱ ሁሉ ወንፊት፣ አልጋው አጎበር ያስፈልገዋል። የጭቃ ቤት ከሆነ የግድግዳውን እግር በእጃችሁ ዳስሱት፤ እርጥበት ወደ ላይ ከወጣ እንጨቱ ከውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። የብሎኬት ቤት ከሆነ ቁም ሳጥን ከቆመበት ጀርባ ሻጋታ ፈልጉ። በሁለቱም ከተሞች አሸንዳ የሌለው ቤት ስትገዙ የአሸንዳውንና የቦዩን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ወረቀቱን በተመለከተ የማጥብቀው በሐይቅ ነው፤ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ሰው በመተማመን ይገዛል። በከተማዋ ዳር የገበሬ መሬት «ተሸጠ» ሲባል ትሰማላችሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የእርሻ ቦታ ገዝቶ በሌሊት ቤት የሚያቆም ሰው የጨረቃ ቤት ነው የሠራው፣ ሲፈርስ ካሣ አይጠይቅም። የምትገዙት ካርታ ያለውን ቤት ብቻ ይሁን። ካርታው የነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ ቦታ) ከሆነ፣ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት በውርስ ካልሆነ በቀር ሲተላለፍ ወደ ሊዝ የሚገባ መሆኑን ዕወቁና ክፍያውን ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቃችሁ በዋጋው ውስጥ አስቡት። ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳታዩ፣ የሻጩ ባለቤት (ሚስት ወይም ባል) ፈቃዳቸውን ሳይሰጡ ቀብድ አትክፈሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ያዝዛል፤ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ በፊት ግን ተከራዩ። ከሰኔ እስከ መስከረም በምትመርጡት ሰፈር አንድ ክረምት ኑሩ፤ ቤቱንም በነሐሴ፣ ዝናብ እየጣለ እዩት። የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የትኛው መንገድ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ጎረቤት በወሰን እንደተካሰሰ ደላላ አይነግራችሁም። የቅሬውን ዳኛ ጠይቁ፤ በሰፈሩ ያለውን የወሰን ክርክር ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።